«ትንሽ ውሃ ጠጥተዋል» ማለቴ ነበር፣ ነርሷ ግን ደነገጠች

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዕድሜዬ አርባን አልፏል። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ አረጋውያኑም ይወዱኛል። በማጠብ፣ በማብላት፣ በማጫወት ማንም አይቀድመኝም። የሚያስጨንቀኝ በፈረቃዬ መጨረሻ የምጽፈው ሪፖርት ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት አሟቸው ሰነበቱ። ምግብ እምቢ፣ ውሃ እምቢ አሉ። አንድ ቀን ግን ለምኜም አባብዬም ግማሽ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ሁለት ጊዜ አጠጣኋቸው። ደስ አለኝ። ሪፖርቱ ላይ «ሺ ድራንክ ሊትል ዎተር» ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ውሃ ጠጥተዋል ማለቴ ነበር። የማታዋ ነርስ አንብባ ክው አለች። «ሳይጠጡ ነው የዋሉት? ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ በሰው ፊት አፋጠጠችኝ። ማስረዳት አቃተኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቤት ስገባ ደግሞ ልጄ አለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ነው የተወለደችው። ለአስተማሪዋ ኢሜይል ስጽፍ «ታንክ ዩ ፎር ዩር አድቫይስስ፣ ሺ ሃዝ ሜኒ ሆምወርክስ» ማለቴን አየችና ሳቀች። ለወንድሟም አሳየችው። ሁለቱም ሙድ ያዙብኝ። በመጨረሻ «ከአሁን በኋላ እኔ ልጻፍልሽ» አለችኝ። ከሳቁ ይልቅ ውስጤ የቀረችው ይቺ ናት።

አሁን አለቃዬ ለኤል ፒ ኤን (ከነርስ ረዳት ከፍ ያለ፣ ፈቃድ የሚያስፈልገው የነርስነት ደረጃ ነው) ትምህርት ካልተመዘገብሽ እያለች ትወተውተኛለች። መሥሪያ ቤቱ ከክፍያው የተወሰነውን ይሸፍናል። ባለቤቴ «በዚህ ዕድሜሽ?» ይላል። መመዝገቢያው ተቃርቧል። እኔ ግን ስብሰባ ላይ እንኳ መናገር ትቻለሁ። አገር ቤት 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከ9ኛ ጀምሮ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። «ሜኒ ለሚቆጠር፣ ማች ለማይቆጠር» የሚለውን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። ታዲያ ምን ነካኝ? ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?

ዝምታ ያበዛሁት

* * *

እህቴ፣

እስቲ መጀመሪያ እኚያ እናት የጠጡትን ውሃ እንስፈረው። እዚያ አገር የተለመደው ብርጭቆ 8 አውንስ ይይዛል፤ ወደ 240 ሚሊ ሊትር ነው። ግማሹ 120 ነው። ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ካጠጣሻቸው በአንቺ ፈረቃ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ጠጥተዋል ማለት ነው። ውሃ እምቢ ላሉ አሮጊት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ያን ያደረግሽው አንቺ ነሽ። ሪፖርቱ ላይ ግን አልታየም።

ለምን እንዳልታየ ልንገርሽ። እኛ በአማርኛ «ትንሽ ውሃ ጠጥተዋል» ካልን ደህና ወሬ ነው። ተመስገን፣ ቀመስ አድርገዋል እንደማለት ነው። «የጠጡት ውሃ ትንሽ ነው» ካልን ግን ስጋት ነው። ቃሉ ያው «ትንሽ» ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የአረፍተ ነገሩ አሰካክ ነው። እንግሊዝኛ ይሄን ልዩነት በሙሉ የጫነው አንዲት «ኤ» ላይ ነው። «ኤ ሊትል ዎተር» ካልሽ የተወሰነ ጠጥተዋል፣ ደህና ነው። «ኤ»ዋን ጥለሽ «ሊትል ዎተር» ካልሽ፣ አልጠጡም ማለት ይቻላል፣ የሚያሳስብ ነው። «ፊው»ም እንደዛው ናት። «ኤ ፊው ቪዚተርስ» ማለት ጠያቂ መጥቶላቸዋል ማለት ነው። «ፊው ቪዚተርስ» ግን ጠያቂ የላቸውም ከማለት አይርቅም።

ስለዚህ ነርሷ ያነበበችው የጻፍሽውን ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ጥማቱ ስለሚቀንስበት፣ ሳይታወቅ ፈሳሽ ያጥርበታል። «ሊትል ዎተር» የሚል ሪፖርት አንብባ ባትደነግጥ ነበር የሚገርመኝ። በሰው ፊት ማፋጠጧ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጠራ አድርጋ ብቻሽን ልትጠይቅሽ ትችል ነበር። ይሄ ቢያምሽ አይፈረድብሽም።

ሆኖም ሁለቱን ነገሮች እንድትለያያቸው እፈልጋለሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ የውሃውን ነገርና የኢሜይሉን ነገር አንድ ላይ አስረሻቸዋል። ሁለቱም «የእኔ ደካማ እንግሊዝኛ» በሚል አንድ ከረጢት ገብተዋል። እኔ ግን እኩል አይመዝኑም ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ስህተት ሰውን ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው ማንንም አይጎዳም። «አድቫይስስ» ስላልሽ አስተማሪዋ ማመስገንሽን አልሳተችውም። አቅም የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ላይ ነው። ለሁለተኛው ጊዜ አለሽ።

ለመጀመሪያው መፍትሔው ሰዋስው እንኳ አይደለም። ሪፖርት ላይ «ትንሽ»ም «ብዙ»ም አትጻፊ። ቁጥር ጻፊ። «240 ሚሊ ሊትር ጠጥተዋል» በይ። ለምግቡ፣ ብዙ መጦሪያዎች ውስጥ እንደሚደረገው በመቶኛ አስቀምጪው፤ ምሳቸውን 25፣ 50 ወይም 75 በመቶ በልተዋል ብለሽ። የቀረበላቸው ስድስት ማንኪያ ሾርባ ከሆነና ሁለቱን ከዋጡ፣ ሁለት ብለሽ ጻፊ። ቁጥር «ኤ» ብትረሺም አያጋልጥሽም። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ነርሶችም ቢሆኑ ከ«ሊትል» ይልቅ ቁጥር ቢያዩ ደስ ይላቸዋል፤ ያንዷ «ትንሽ» ለሌላዋ ብዙ ነውና። ሕመም ላይም አንድ ነገር ልጨምርልሽ። «ምንም ሕመም የለባቸውም» ስንል አማርኛ «ምንም»ንም «የለም»ንም አንድ ላይ ይወዳል። እንግሊዝኛው አንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው። «ኖ ፔይን» ብለሽ ከጻፍሽ በቂ ነው፤ «ዶንት» አትጨምሪበት።

አሁን ወደዛ ወደ ጠየቅሽኝ፣ «ምን ነካኝ?» ወዳልሽው። ምንም አልነካሽም። ሕጉን ታውቂዋለሽ። «ሜኒ ለሚቆጠር፣ ማች ለማይቆጠር»፤ ያልሸመደደው ተማሪ የለም። ፈተናችንም ምርጫ ስለነበር መልሱን ማጥቆር እንጂ መጻፍ ብዙም አልተጠየቅንም። ክፍል ውስጥ ያልተነገረን ሌላ ነው። የትኛው ነገር ይቆጠራል፣ የትኛው አይቆጠርም የሚለውን የሚወስነው ነገሩ ሳይሆን ቋንቋው ነው። በአማርኛ መረጃዎች፣ ምክሮች፣ የቤት ሥራዎች፣ የቤት ዕቃዎች እንላለን፤ ማንም አይስቅብንም። አንቺም ያንን ልማድ ይዘሽ «አድቫይስስ» አልሽ። አብረውሽ የሚሠሩ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ካሉ አድምጫቸው። የእነሱም ቋንቋ ምክርንና የቤት ዕቃን ያበዛል፤ እዚያው ጋ ነው የሚሰናከሉት።

እንግሊዝኛ ኢንፎርሜሽንን የሚያየው እኛ ጤፍን እንደምናየው ነው። ገበያ ወጥተሽ «ሁለት ጤፎች ስጠኝ» አትዪም። ሁለት ኪሎ ጤፍ፣ አንድ ቁና ጤፍ ትያለሽ። ፍሬው መቆጠር ስለማይችል አይደለም፤ በመስፈሪያ እንጂ በፍሬ ስለማናስበው ነው። አድቫይስ፣ ሆምወርክ፣ ፈርኒቸር፣ ላጌጅ፣ ኢኩዊፕመንት፣ ላውንድሪ፣ ሁሉም እንደ ጤፍ ናቸው። «ኤስ» አይወዱም። «ሜኒ»ንም አይወዱም። መቁጠር የግድ ከሆነ መስፈሪያ ታመጪላቸዋለሽ፤ «ቱ ፒስስ ኦፍ አድቫይስ» ብለሽ። እዚህ ላይ ለምን ብለሽ አትድከሚ። ወንበር ይቆጠራል፣ ጠረጴዛ ይቆጠራል፣ ሁለቱን ባንድ ላይ የሚጠራው ፈርኒቸር ግን አይቆጠርም። ዶላር ይቆጠራል፣ መኒ አይቆጠርም። ስንቆጥረው የምንውለውን ገንዘብ!

ተጠራጥረሽ ስትቆሚ የምትጠለዪበት ደግሞ አለልሽ። «ኤ ሎት ኦፍ» በይ። ለሚቆጠረውም ለማይቆጠረውም ይሆናል። «ኤ ሎት ኦፍ ሆምወርክ»፣ «ኤ ሎት ኦፍ ፔሸንትስ»፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ሰም» እና «ኢነፍ»ም እንዲሁ ለሁለቱም ያገለግላሉ። እንደውም «አይ ሃቭ ማች ዎርክ» ከማለት «አይ ሃቭ ኤ ሎት ኦፍ ዎርክ» ማለት ለጆሮ ይቀላል። «ማች» በብዛት የሚመቻት ጥያቄና አሉታ ውስጥ ነው። አጭበረበርኩ ብለሽ እንዳታስቢ፤ እነሱም ሲያወሩ እንዲሁ ነው የሚሉት።

አንድ ሌላ የአማርኛ ልማድም ሪፖርትሽ ላይ እንዳይገባብሽ ጠብቂ። ቁጥር ከጠራን በኋላ ስሙን ማብዛት ለእኛ ግዴታ አይደለም። «ሦስት ልጅ»፣ «አምስት ብርጭቆ»፣ «ሁለት ኪኒን» ብንል ያስኬዳል። እንግሊዝኛ ግን ቁጥሩን ሰምቶም «ኤስ»ን ይጠብቃል፤ «ቱ ፒልስ» ነው። «ኤቭሪ» ላይ ግን አትቸገሪ፤ «እያንዳንዱ» ብለሽ አስቢያት። እያንዳንዱ ሰዎች አንልም። «ዋን ኦፍ» ስትዪም «ከጓደኞቼ አንዷ» የሚለውን አስታውሺ። እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ስላበዛው፣ እንግሊዝኛውም ላይ «ፍሬንድስ» ማለት ብቻ ነው የሚቀርሽ።

«ሌስ» እና «ፊውወር» ላይ ደግሞ (ሁለቱም «ያነሰ» ማለት ናቸው) እንቅልፍ አትጪ። ባለቋንቋዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ለሚቆጠር ነገር «ፊውወር» ቢባል ይሻላል ብሎ በ1770 የጻፈው ሮበርት ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ያቀረበውም እንደ ራሱ ምርጫ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ሕግ አደረጉት። ጭቅጭቁ አላባራ ብሎ፣ በ2008 የእንግሊዙ ሱፐርማርኬት ቴስኮ የፈጣን ከፋዮች ወረፋ ላይ የነበረውን «10 አይተምስ ኦር ሌስ» የሚል ጽሑፍ ትቶ «አፕ ቱ 10 አይተምስ» በሚል ተካው። ከሁለቱም ቃል ሸሹ ማለት ነው። እንግሊዛውያን የሸሹትን አንቺ በፈረቃሽ መካከል የምትፈቺበት ምክንያት አይታየኝም።

ልምምዱን እንዴት ላድርግ ካልሽ፣ የሰዋስው መጽሐፍ ከገጽ አንድ አትጀምሪ። ኪስ ውስጥ የሚገባ ደብተር ያዢ። ከራስሽ ፈረቃ የወጡ ቃላትን ብቻ ጻፊበት፤ ብቻቸውን ሳይሆን ከነጎረቤታቸው። «ላውንድሪ» ብለሽ አትተዪው፤ «ቱ ባግስ ኦፍ ላውንድሪ» በይ። ስትጠራጠሪ ስልክሽ ላይ የካምብሪጅን መዝገበ ቃላት ክፈቺ፤ ነጻ ነው። ከቃሉ ፍቺ አጠገብ «ሲ» የሚል ፊደል ካየሽ ይቆጠራል። «ዩ» ካለ አይቆጠርም። ሁለቱም ካሉ እንደ ትርጉሙ ይለያያል። ለምሳሌ «ሄር» ራስ ላይ ያለው ፀጉር ሲሆን አይቆጠርም፤ ሾርባ ውስጥ የተገኘ አንድ ፀጉር ሲሆን ግን ይቆጠራል። ያቺን ፊደል የማየት ልማድ ካዳበርሽ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ወደ ልጅሽ ልምጣ። «ከሳቁ ይልቅ ውስጤ የቀረችው ይቺ ናት» ብለሻል። እኔም እዚያው ጋ ነው የቆምኩት። የሳቀችው ልጅነት ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ላይ እናት የምታደርገው ሁሉ ያስቃል። «እኔ ልጻፍልሽ» ስትል ግን ከእናትነትሽ ላይ አንድ ነገር የወሰደችብሽ መስሎሽ ይሆን? ከአስተማሪዋ ጋር መነጋገር የአንቺ ድርሻ ነው። ወይስ እሷ አንቺን ማገዟ ነበር? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሳትጠይቂያት ግን አታውቂውም።

ሁለታችሁ ብቻ የሆናችሁበትን ሰዓት ምረጪ፤ መኪና ውስጥ ይሻላል፣ ፊት ለፊት መተያየት ስለሌለ። እንዲህ በያት፦ «እንግሊዝኛዬን ብታርሚኝ ደስ ይለኛል። ስትስቂብኝና ለወንድምሽ ስታሳይው ግን ያመኛል። ኢሜይሉን እኔ እጽፈዋለሁ፣ ከመላኬ በፊት አንቺ ታነቢልኛለሽ።» በቃ፣ አታርዝሚው። ልጆች ረጅም ንግግር ሲሰሙ ጆሮ ይዘጋሉ። በምላሹ አንቺም የምትሰጫት አለሽ። አማርኛዋ እንዴት ነው? አያቷን በስልክ «አንቺ» ትላለች ወይስ «እርስዎ»? «ሁለት ሰዎች መጣ» አትልም? እሷም የምትሰናከልበት አይጠፋም። ብድር ለመመለስ ብለሽ ግን አታንሺባት፤ አንዳችሁ ላንዳችሁ አስተማሪ ትሆናላችሁ፣ ሂሳቡ ይስተካከላል።

ባለቤትሽ «በዚህ ዕድሜሽ?» ሲል ስለ ዕድሜሽ ብቻ የሚናገር አይመስለኝም። ማታ ልጆቹን ማን ይይዛል፣ ፈረቃሽን ስትቀንሺ ገቢው ምን ይሆናል ብሎ ፈርቶም ይሆናል። ምን እንዳስፈራው ጠይቂው። ቡና ይዘሽ ጠይቂው፣ ንዴት ይዘሽ አይደለም።

የትምህርቱን ነገር እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ተመዝገቢ። ምክንያቴን ልንገርሽ። ለኤል ፒ ኤን ፈቃድ የሚወሰደው ፈተና ኤንክሌክስ ፒ ኤን ይባላል። ድርሰት አያስጽፍም። ኮምፒውተር ላይ እያነበብሽ የምትመልሺው ነው፤ በመለስሽው መጠን ቀጣዩን ጥያቄ እሱ ይመርጥልሻል። አንብቦ መረዳት ካለሽ፣ «አድቫይስስ» የምትል ኢሜይል ከነርስነት አታግድሽም። ለመግባት ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች ቲስ የሚባል መግቢያ ፈተና ይጠይቃሉ። እዚያ ውስጥ ከንባብ፣ ከሒሳብና ከሳይንስ ጋር የእንግሊዝኛ አጠቃቀም ክፍል አለ። ሰዋስው የሚመጣብሽ እዚያ ነው። የምታመለክቺበት ትምህርት ቤት የቱን ፈተና እንደሚጠይቅ አስቀድመሽ አጣሪ።

«ወይ ልመዝገብ ወይ ይቅርብኝ» ብለሽ ሁለት በር ብቻ አታስቀምጪ። ሦስተኛም አለ። አለቃሽን ሁለት ነገር ጠይቂያት። አንደኛ፣ የክፍያው ድጋፍ የሚመጣው ዓመትም ይኖራል ወይ? ሁለተኛ፣ ድጋፉን ከወሰድኩ እዚህ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ አለብኝ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ድጋፉ የሚቆይ ከሆነ፣ አንድ ሴሚስተር እንግሊዝኛ ወስደሽ ብትገቢ አትጎጂም። ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ቅርብ ነው፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ አዋቂዎች ትምህርት አለው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሊትረሲ ካውንስልም አዋቂዎችን ያስተምራል። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚካሄዱ የእንግሊዝኛ መጨዋወቻ ክበቦችም አሉ፤ ሰው አያፈጥብሽም፣ ሁሉም እንዳንቺ ሊማር የመጣ ነው። ድጋፉ ዘንድሮ ካልተወሰደ የሚያመልጥ ከሆነ ግን፣ እንግሊዝኛው ይከተልሻል፣ አንቺ ግቢ።

ዛሬ ደግሞ ፈረቃ ከሆንሽ፣ ያቺን ነርስ ቆም አድርጊያትና ያ ሪፖርት «ኤ ሊትል» ለማለት የተጻፈ እንደነበር፣ እናትየዋም 240 ሚሊ ሊትር ጠጥተው እንደነበር ንገሪያት። ከአሁን በኋላም በቁጥር እንደምትጽፊ ጨምሪላት። ለስብሰባ ሳይሆን ለእሷ ብቻ ተናገሪ።

ከዚያ ጻፊልኝ። መመዝገቢያው «ተቃርቧል» ብለሽኛል እንጂ ቀኑን አልነገርሽኝም፤ ስንት ቀን እንደቀረሽ ላኪልኝ።